ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በአየር ስንት ደቂቃ፣ በምድር ስንት ሰዓት?

ገበሬው ወንድሜ፣ ገበሬዋ እኅቴ፣ ዛሬ ከአንድ ጥያቄ እንነሣ። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

የአውቶቡስ ሾፌር ብትጠይቅ «ወደ 180 ነው» ይልሃል። የአውሮፕላን አብራሪ ብትጠይቅ ደግሞ «100 ከትንሽ ፈሪ ጋር» ይልሃል። ታዲያ ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። ሁለቱ የለኩት የተለያየ መንገድ ነው።

መሬት በገመድ ሲለካ አይተሃል። አሁን ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ ችካል ትከል። ሌላውን ችካል ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ፣ አዘዞ አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ትከል። በሁለቱ መካከል ገመድ ወጥረህ ብትስብ፣ ገመዱ 102 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አብራሪው የሚነግርህ ይህንን የገመዱን ልክ ነው። ገመዱ ግን ኮረብታ አይዞርም፣ ወንዝ አይሻገርም፣ ረግረግ አይፈራም። መኪና እንዲህ መሄድ አይችልም።

ለምን እንደማይችል ታውቀው የለ! መካከል ላይ ጣና አለ። ጣና ርዝመቱ ወደ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 66 ኪሎ ሜትር ነው። በጠቅላላው ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ባሕር ዳር በደቡብ ዳርቻው ተቀምጣለች። ጎንደር ከሰሜን ዳርቻው አልፎ ይገኛል። ስለዚህ የመኪናው መንገድ ሐይቁን በምሥራቅ በኩል መዞር ግድ ሆነበት። ከባሕር ዳር ሲወጣ ዓባይን ይሻገራል። (በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲስ ድልድይ እዚሁ ነው።) ከዚያ በሐሙሲት በኩል ወደ ፎገራ ሜዳ ይገባል፤ ጉማራን ይሻገራል፤ ወረታ ይደርሳል። ቀጥሎ ርብን ተሻግሮ አዲስ ዘመን፣ እንፍራንዝ፣ ማክሰኝት እያለ ሽቅብና ቁልቁል ሲጠማዘዝ ቆይቶ አዘዞ ብቅ ይላል። የፎገራ ሰው ከሆንክ ክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ታውቃለህና ስለ መንገዱ ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አውሮፕላኑ ግን ከባሕር ዳር ሲነሣ ወዲያው ውሃ ላይ ነው። መስመሩን ካልለቀቀ፣ ከመቶው ኪሎ ሜትር ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚበረው በጣና ላይ ነው። በግራ መስኮት የተቀመጠ ሰው ደቅ ደሴትን ያያል። በቀኝ የተቀመጠ የፎገራን ሜዳ ያያል። ሐይቁ ሲያልቅ ደንቢያ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ብዙም አይቆይ፣ ጎማው መሬት ይነካል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ ማካፈል ብቻ ነው። ርቀቱን ለፍጥነቱ ስታካፍል ጊዜው ይወጣልሃል።

ከእግር እንጀምር። በቅሎና አህያ የጫነ ነጋዴ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 180ን ለ30 ስታካፍል 6 ይሆናል። 6 ቀን ማለት ነው፤ ያውም ጭነት ሳይፈታ፣ ወንዝ ሳይሞላ፣ ሰው ሳይታመም። በሐይቁ የሄደውም ቢሆን ቶሎ አልደረሰም። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ይመላለስ የነበረው ጀልባ ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ አድሮ በማግሥቱ ነበር የሚገባው። ከጎርጎራ ጎንደር ደግሞ ገና መንገድ አለ።

አውቶቡስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 180 ለ60 ሲካፈል 3 ሰዓት ነው። ነገር ግን ዳገት አለ፣ ከብት መንገድ ያቋርጣል፣ ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ሌላው ይሳፈራል። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ተኩል ወይም አራት ብለህ ያዝ።

አውሮፕላንስ? ይህ እንደ አውሮፕላኑ ዓይነት ይለያያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የያዘው አውሮፕላን ዲሲ-3 ዓይነት ነበር። ሁለት ሞተር ያለው፣ ጅራቱ መሬት ላይ ዝቅ ብሎ የሚቆም፣ ሣር ሜዳ ላይ ማረፍ የሚችል አውሮፕላን ነው። በየጠቅላይ ግዛቱ ከብት በሚግጥበት ሜዳ ሳይቀር ያርፍ ነበር፤ ከብቱ እስኪነዳለት ድረስ ከላይ መዞሩ አልቀረም። ፍጥነቱን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብንለው በደቂቃ 5 ኪሎ ሜትር ነው። 102ን ለ5 ብታካፍል 20 ደቂቃ ገደማ ይመጣል።

ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመር የገባው ኪው 400 የሚባለው አውሮፕላን ደግሞ ከ70 ሰው በላይ ይጭናል። ይህም እንደ ዲሲ-3 በክንፉ ላይ የሚሽከረከር ሁለት መቅዘፊያ አለው፤ ፍጥነቱ ግን እጥፍ ነው። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ቢበር በደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። 102ን ለ10 አካፍል። ከ10 ደቂቃ ጥቂት ያልፋል።

አሥር ደቂቃ! ቡና አንድ ጊዜ እስኪፈላ እንኳ አይሆንም።

እዚህ ላይ ግን ቆም በል። ወረቀት ላይ 10 ደቂቃ የወጣው ነገር፣ በእውነት ስትሳፈር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሒሳባችን ተሳስቶ አይደለም። አውሮፕላን እንደ አሞራ ከቆመበት ብድግ አይልም። መጀመሪያ እንደ መኪና በጎማው እየሄደ ወደ መንደርደሪያው ጫፍ ይደርሳል። ፈቃድ ይጠብቃል። ከዚያ ይንደረደራል። ተነሥቶም ሙሉ ፍጥነቱን ወዲያው አያገኝም፤ ዳገት እንደሚወጣ በሬ ቀስ እያለ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ለማረፍም ገና ከሩቅ ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ ከፍታውን እየቀነሰ መውረድ አለበት። በአጭር መንገድ ላይ ከፍ ብሎ ገና ሳይረጋጋ መውረድ ይጀምራል። 600ውን የሚበረው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። አውሮፕላን ሲነሣም ሲያርፍም ነፋስን ፊት ለፊት መቀበል ይወዳል። ነፋሱ ክንፉን ስለሚያነሣለት ነው። ስትዘራና ስታዘራ የነፋሱን አቅጣጫ እንደምታየው፣ አብራሪውም ያያል። ነፋሱ ከሰሜን ቢነፍስ ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጎ ያርፋል፤ ከደቡብ ቢነፍስ አልፎ ሄዶ ዞሮ ይመለሳል። ይህ መዞር ጥቂት ደቂቃ ይበላል። ከዚህ በላይ የእኛ አገር ማረፊያዎች ከፍታ ላይ ናቸው። የባሕር ዳሩ ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር፣ የጎንደሩ ወደ 1,970 ሜትር ከፍታ አላቸው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይሳሳል። ስስ አየር ክንፍን አጥብቆ አይደግፍም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ረዥም መንደርደር ያስፈልገዋል።

ስትሳፈር በድምፅ ማጉያ «15 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ እንበራለን» ሲሉ ብትሰማ አትደናገጥ። ጫማ ያሉት የአንተን ጫማ አይደለም፤ የአብራሪዎች መለኪያ ነው። አንዱ ጫማ 30 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። 15 ሺህ ጫማ ወደ 4,570 ሜትር ይሆናል፤ የራስ ደጀን ጫፍ ላይ የቆምክ ያህል ማለት ነው። ርቀትንም በራሳቸው ማይል ነው የሚቆጥሩት። የአብራሪ ማይል 1,852 ሜትር ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር በዚህ ማይል 55 ይሆናል። 55ን በ1,852 አባዛው፤ 101,860 ሜትር ይመጣል። የእኛው 102 ኪሎ ሜትር ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ወንድምህ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል እንበል። ባሕር ዳር ነህ። ቶሎ መድረስ አለብህ። በምን ትሄዳለህ?

«በአውሮፕላን ነዋ!» አልክ። ቸኮልክ። ሰው የሚሄደው ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ አይደለም፤ ከደጁ እስከ ሕመምተኛው አልጋ ነው። እስቲ እንደምር። ከቤትህ እስከ ማረፊያው 20 ደቂቃ በል። ከመነሻው 2 ሰዓት ቀድመህ መገኘት አለብህ፤ ፍተሻ አለ፣ ሻንጣ ይመዘናል፣ ስምህ ይጣራል። በረራው 25 ደቂቃ። ወርደህ ዕቃህን እስክትቀበል 25 ደቂቃ። ማረፊያው አዘዞ እንጂ ጎንደር መሐል ከተማ አይደለም፤ ታክሲ ይዘህ ሆስፒታሉ እስክትደርስ 35 ደቂቃ። ይህን ሁሉ ስትደምር 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመጣል። አውቶቡሱስ ስንት ነበር? ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት። መናኸሪያ እስኪሞላ የምትጠብቀውን ብትጨምርለት እንኳ ልዩነቱ ይህ ነው የሚባል አይደለም። የዋጋው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። በዚያ ገንዘብ ለወንድምህ መድኃኒት ትገዛለህ።

እኔን ከጠየቅኸኝ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ለዚህች 102 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ ይሻላል እላለሁ። መንገድ ሲዘጋ ግን ይህ ስሌት ሁሉ ይፈርሳል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት በበረታ ጊዜ መኪናውም ቆሟል፤ በረራውም ለጥቂት ቀናት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ሒሳብህን ከመሥራትህ በፊት ከመንገድ የመጣ ሰው ጠይቅ።

ደግሞ ሌላ ነገር ልብ በል። ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ሁልጊዜ ቀጥታ በረራ አይገኝም። አብዛኛው የአገር ውስጥ በረራ ከአዲስ አበባ ይነሣል፣ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ልክ እንደ ጎማ ሽቦ፤ ሁሉም ከመሐሉ ነው የሚወጣው። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚበር ቀጥታ አውሮፕላን በዚያ ቀን ከሌለ፣ በአዲስ አበባ በኩል ነው የሚወስዱህ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በገመድ ልክ ወደ 333 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ወደ 419 ኪሎ ሜትር። ደምረው፤ 752 ኪሎ ሜትር! 102 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከሰባት እጥፍ በላይ መዞር ማለት ነው። በአዲስ አበባ የምትጠብቀው ሰዓት ሳይቆጠር። ትኬት ከመግዛትህ በፊት «ቀጥታ ነው ወይስ በአዲስ አበባ?» ብለህ ጠይቅ። ይህችን አንድ ጥያቄ አትርሳ።

ለረዥሙ መንገድ ግን አውሮፕላን ዋጋውን ይከፍላል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው፤ የዓባይ በረሃን ቁልቁል ወርደህ ሽቅብ ትወጣለህ። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በአየር 1 ሰዓት ገደማ ነው። ደጅ ለደጅ ብትደምረው እንኳ ከግማሽ ቀን በታች ይሆናል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የመጠበቂያው 2 ሰዓት እየቀለለ ይሄዳል፤ ባጠረ ቁጥር ይከብዳል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ርቀትና ስለ ፍጥነት ነው። ከሁለቱም ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሰናክለው ግን ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ነው።

አጎቴ ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ሆኖ ነው። ቁጥር ማንበብ የቻለ ዕለት የነበረው ደስታ ለጉድ ነበር፤ የበጉን ዋጋ፣ የሚዛኑን ልክ፣ የግብር ደረሰኙን ሁሉ ራሱ ነበር የሚያነብ። ለዓይኑ ሕክምና አዲስ አበባ ሳለ ጎንደር ያለው ታላቅ ወንድሙ ማረፉን ሰማ። ዘመድ ገንዘብ አዋጣና ለማግሥቱ የአውሮፕላን ትኬት ተቆረጠለት። ጎንደር ያሉትም እሱን ለመጠበቅ ቀብሩን ለ9 ሰዓት አደረጉት። ትኬቱ በስልክ ተልኮ መጣ። መነሻው 8:40 ይላል። አጎቴ ራሱ አነበበው፣ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ከ40» አለ። ጎንደሮችም ቀብሩን ወደ 11 ሰዓት ገፉለት።

በማግሥቱ ልክ 6 ሰዓት ላይ ማረፊያው ደረሰ፤ ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቀደም ብሎ ማለት ነው። በሩ ላይ የነበረችው ልጅ ትኬቱን አይታ ዝም አለች። ከዚያ «አባቴ፣ ይህ እኮ ጠዋት 2 ሰዓት ከ40 ሄዷል» አለችው። ከሄደ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አልፎታል። ለዚያ ቀን ሌላ ቦታ አልተገኘም። ወንድሙ ያለ እሱ ተቀበረ። አጎቴ የደረሰው ለሠልስት ነው። ቁጥሩን አልሳተውም እኮ፤ አጥርቶ ነው ያነበበው። ሰዓቱ ግን የእኛ ሰዓት አልነበረም።

ይህንን እንዳይደርስብህ አጥብቀህ ያዝ። የአውሮፕላን ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ አገር ውስጥ ብትበርም እንዲሁ ነው። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው። እነሱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥራሉ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ትኬቱ ላይ ካየኸው ቁጥር 6 ቀንስ። 8:40 ሲል፣ 8 ሲቀነስ 6፣ 2 ይቀራል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከ40 ነው። 10:15 ሲል ረፋድ 4 ሰዓት ከሩብ ነው።

የትኬት ሰዓት እስከ 24 ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ 16:00 ብታይ አትገረም። 16 ሲቀነስ 6፣ 10 ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት። 19:10 ቢል 6 ስትቀንስ 13:10 ይመጣል። በእኛ ሰዓት 13 የለም፤ ስለዚህ ደግመህ 12 ቀንስ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ይሆናል። 5:30 ቢል ደግሞ ከ5 ላይ 6 አይቀነስም። ያን ጊዜ 6 ጨምር፤ 11:30 ይመጣል፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ቀንና ወር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጥምቀትን ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ለማክበር ትኬት ብትቆርጥ፣ ወረቀቱ ላይ ጥር 11 የሚል አታገኝም። አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው የሚለው፤ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጥ ቆራጩን «በእኛ ቀን ስንት ነው? በእኛ ሰዓት ስንት ነው?» በለው። ከነገረህ በኋላ ራስህ በእስክሪብቶ ትኬቱ ጫፍ ላይ ጻፈው። በስልክ ከተላከልህም በወረቀት ገልብጠህ ኪስህ ውስጥ ክተተው። ቤት ውስጥ ላለ ሰውም ንገር፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሐሳቡ አንድ አይደለም።

እስቲ አሁን ደብተርህን አውጣና ይህን ሥራ። ከጎንደር እስከ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በገመድ ልክ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ዞረህ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ። አውሮፕላኑ በደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ መነሣቱንና ማረፉን ሳትቆጥር ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? መኪናው በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ቢሄድስ ስንት ሰዓት? ላሊበላ ማረፊያውም ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እሱን መደመር እንዳትረሳ። ትኬቱ ላይ መነሻው 13:20 ቢል፣ በስንት ሰዓት ማረፊያው መገኘት አለብህ?